ዳርታኛን በአዲስ ዓመት ዋዜማ

«ሦስቱ ሙስኬተሮች» ፈረንሳዊው ደራሲ አሌክሳንደር ዱማ በ1844 ለጋዜጣ አንባቢ በተከታታይ ያቀረበው የጀብዱ ልብ ወለድ ነው። ድርሰቱ ከጋዜጣ ወደ መድረክ፣ ከመድረክ ወደ ሲኒማ፣ ከሲኒማም ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሯል። በ1979 የሶቪየት ቴሌቪዥን ዘፈን የበዛበት ባለ ሦስት ክፍል ፊልም አድርጎ አሳየው፤ በ2004 ደግሞ ሩሲያና ዩክሬን ለአዲስ ዓመት በዓል በጋራ ሙዚቃዊ ኮሜዲ አደረጉት። እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየውና ልብ ወለዱ

የልብ ወለዱ ዋና ባለታሪክ ዳርታኛን በእውነት የኖረ ሰው ነው። ሙሉ ስሙ ሻርል ደ ባትዝ ደ ካስተልሞር ሲሆን፣ የተወለደው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በጋስኮኝ አውራጃ ነው። ጋስኮኝ በድህነቱና በልጆቹ ደፋርነት የሚታወቅ አገር ነበር፤ ርስት የማይደርሳቸው የትናንሽ መኳንንት ልጆች ሰይፋቸውን ታጥቀው ወደ ፓሪስ ይሄዱ ነበር። ንጉሥ ሉዊ 13ኛ በ1622 ያቋቋመው የሙስኬተሮች ማለትም የባለጠመንጃ የክብር ዘቦች ጓድ እንዲህ ያሉ ወጣቶች የሚመኙት ቦታ ሆነ። ዳርታኛን በዚሁ ጓድ አድጎ በኋላ አዛዥ እስከ መሆን ደረሰ። በ1661 በሉዊ 14ኛ ትእዛዝ ኃያሉን የገንዘብ ሹም ኒኮላ ፉኬን ያሰረው እሱ ነው። በጁን 25 ቀን 1673 ማስትሪክት በተባለችው ከተማ ከበባ ላይ ተገደለ።

ከሞተ 27 ዓመት በኋላ ጋትየን ደ ኩርቲልዝ ደ ሳንድራ የተባለ ጸሐፊ ዳርታኛን ራሱ የጻፈው የሕይወት ታሪክ አስመስሎ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ግማሹ ታሪክ፣ ግማሹ ፈጠራ ነበር። ዱማ ያገኘው ይህንን ነው፤ ከማርሴይ ቤተ መጻሕፍት ተውሶት ሳይመልሰው እንደ ቀረም ይነገራል። ከመጽሐፉ የዳርታኛንን ስም፣ ወደ ፓሪስ የመጣበትን ሁኔታና የሦስቱን ሙስኬተሮች የአቶስን፣ የፖርቶስንና የአራሚስን ስሞች ወሰደ። ረዳቱ ኦጉስት ማኬ ታሪካዊውን መረጃ እየሰበሰበ ረቂቁን ያዘጋጃል፤ ዱማም ረቂቁን ወደ ምልልስና ወደ እንቅስቃሴ ይለውጠዋል። ማኬ ከዓመታት በኋላ ዱማን ከሶ ገንዘብ ቢፈረድለትም፣ ስሙ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንዲሰፍር ግን አልተፈቀደለትም።

ዱማ ራሱ የተወለደው በ1802 ነው። አባቱ ቶማ አሌክሳንደር ዱማ፣ ዛሬ ሄይቲ በምትባለው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ከአንድ ፈረንሳዊ ባላባትና ማሪ ሴሴት ከተባለች አፍሪካዊ ባሪያ ተወልዶ በአብዮቱ ዘመን ጄኔራል የሆነ ሰው ነበር። ልጁ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተ። ደራሲው በቆዳው ቀለም ምክንያት ሲሰደብ ኖሯል፤ በልብ ወለዶቹ ውስጥ ግን ያለ ዘመድና ያለ ገንዘብ ከሩቅ አገር መጥቶ በጉብዝናው ብቻ የሚከበር ወጣት ደጋግሞ ይታያል።

ልብ ወለዱ «ለ ሲየክል» በተባለው ጋዜጣ ከማርች እስከ ጁላይ 1844 ወጣ። ትረካው በ1625 ይጀምራል። ዳርታኛን በአንዲት መናኛ ፈረስ ተቀምጦ ወደ ፓሪስ ይነሳል፤ በአንድ ቀን ከሦስት ሙስኬተሮች ጋር ይጣላና ለሰይፍ ግጥሚያ ይቀጣጠራል፤ ፀቡም ወደ ወዳጅነት ይለወጣል። ከዚያ በንግሥቲቱ አልማዝ የተነሳ ወደ እንግሊዝ የሚደረገው ሩጫ፣ የካርዲናል ሪሼልዮ ሽረባ፣ የሰላይዋ የሚሌዲ በቀልና የላ ሮሼል ከበባ ይከተላሉ። መጨረሻው ግን ደስታ አይደለም፤ የዳርታኛን ፍቅረኛ ኮንስታንስ በመርዝ ትሞታለች፣ ሚሌዲም ያለ መንግሥት ፍርድ አንገቷ ይቀላል። ሳቅና ሞት በአንድ መጽሐፍ መገናኘታቸው በኋላ የመጣውን አዘጋጅ ሁሉ ምርጫ ውስጥ ከቷል፤ አንዱ ሳቁን፣ ሌላው ሐዘኑን ያጎላል።

ከጋዜጣ ወደ መድረክ

ዱማ ልብ ወለድ ከመጀመሩ በፊት የታወቀ ጸሐፌ ተውኔት ነበር። የጋዜጣ ክፍያ በመስመር የሚታሰብ ስለነበረም አጫጭር ምልልስ ያዋጣው ነበር። በዚህ የተነሳ መጽሐፉ ብዙ ቦታ ላይ ለመድረክ የተጻፈ ይመስላል። ደራሲው ራሱ ከማኬ ጋር በ1845 የሙስኬተሮቹን ቀጣይ ታሪክ፣ በ1849 ደግሞ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ፓሪስ ውስጥ ወደ ተውኔት ለወጠ። ሌሎች አገሮችም ፈጥነው ተከተሉ።

ሙዚቃና ሳቅ ወደ ታሪኩ በስፋት የገቡት በሃያኛው መቶ ዘመን ነው። በ1921 ዳግላስ ፌርባንክስ በአሜሪካ ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ዳርታኛንን ሆኖ ከጣሪያ ጣሪያ ዘለለ። በማግስቱ ዓመት ፈረንሳዊው ኮሜዲያን ማክስ ሊንደር በዚያው ፊልም ላይ የሚያሾፍ ፊልም ሠራ። በማርች 1928 ሩዶልፍ ፍሪምል ያቀናበረው «ሦስቱ ሙስኬተሮች» ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ ተከፍቶ ከ300 ጊዜ በላይ ታየ። በ1939 ደግሞ ሪትዝ ብራዘርስ የተባሉት ሦስት ቀልደኞች የሙስኬተሮቹን ልብስ በለበሱ አገልጋዮች አምሳል የተጫወቱበት ሙዚቃዊ ኮሜዲ በሆሊውድ ተሠራ። ከዚህ በኋላ የዱማ ሰይፈኞች ለሳቅና ለዘፈን የሚሆኑ ባለታሪኮች መሆናቸው አያከራክርም ነበር።

ከፈረንሳይ መጽሐፍ ለአገር መድረክ ሳቅ መቅዳት ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት፣ በ1910ዎቹ ዓ.ም. የቀረበው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»፣ ከላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች የተቀዳ ነበር። ጸሐፊው በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው እዚያው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው፤ በአውሮፓ ያዩትን ቴአትር ለአዲስ አበባ መኳንንት ሲያሳዩ የመረጡት ኮሜዲ ነው። አውሬዎቹ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች የሚሸረድዱ ሆነው ስለተገኙ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ታገደ። በኋላም ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሞሊየርን ኮሜዲዎች ወደ አማርኛ መልሷል።

የሶቪየት የበዓል ስክሪን

ሩሲያውያን ዱማን ከጥንት ያውቁታል። በዲሴምበር 1825 በዛሩ ላይ ስላመፁት መኮንኖች የሚያወሳ ልብ ወለዱን ቀዳማዊ ኒኮላይ አግዶበት ነበር፤ ንጉሡ ከሞተ በኋላ ግን ዱማ በ1858 ራሱ መጥቶ እስከ ካውካሰስ ድረስ አገሩን ዞረ። በሶቪየት ዘመን መጽሐፎቹ እጅግ ተፈላጊ ነበሩ፤ ወረቀት ግን እጥረት ነበረ። ስለዚህ ከ1974 ጀምሮ 20 ኪሎ ውዳቂ ወረቀት ላስረከበ ሰው ተፈላጊ መጽሐፍ የሚገዛበት ኩፖን የሚሰጥ አሠራር ተዘረጋ። በዚህ መንገድ ከሚገኙት መጻሕፍት መካከል የዱማ ሥራዎች ይገኙበት ነበር።

በዚሁ ጊዜ ቴሌቪዥን የአዲስ ዓመት በዓል ማዕከል እየሆነ መጣ። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ልደትን የምታከብረው ጃንዋሪ 7 ማለትም ታኅሣሥ 29፣ ከኢትዮጵያ ገና ጋር በአንድ ቀን ነው። የሶቪየት መንግሥት ግን ሃይማኖታዊውን በዓል ከአደባባይ አስወጣ። ለጥቂት ዓመታት ታግዶ የነበረው የገና ጥድ ዛፍ በ1935 መጨረሻ የአዲስ ዓመት ጌጥ ተብሎ ተመለሰ፤ ከ1947 ድንጋጌ በኋላም ጃንዋሪ 1 ሥራ የማይገባበት ቀን ሆነ። ቤተሰብ የሚሰበሰብበት፣ ገበታ የሚዘረጋበትና ስጦታ የሚለዋወጡበት ወግ ሁሉ ወደ ዲሴምበር 31 ሌሊት ተዛወረ። ከ1962 ጀምሮ የታየው «ሰማያዊ ብርሃን» የተሰኘ የዘፈንና የቀልድ ዝግጅት የዋዜማው መደበኛ እንግዳ ነበር። በጃንዋሪ 1 ቀን 1976 የቀረበው የኤልዳር ርያዛኖቭ «የዕጣ ፈንታ ምፀት» ደግሞ ፊልም የበዓል ወግ ሊሆን እንደሚችል አሳየ፤ በየዓመቱ እየተደገመ እስካሁን ይታያል። ለበዓል ዋዜማ ሙዚቃና ኮሜዲ የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተመልካች ይህን ልማድ በቀላሉ ይረዳዋል።

በዓሉ የራሱን ዓይነት ፊልም ፈጠረ። የቴሌቪዥን አዘጋጆች ከውጭ አገር የድሮ ሥነ ጽሑፍ ተረትና ኮሜዲ እየመረጡ ዘፈን ጨመሩባቸው። ከፈረንሳዩ ላቢሽ፣ ከጣሊያኑ ጎልዶኒና ከስፔኑ ሎፔ ደ ቬጋ የተወሰዱ ሙዚቃዊ ፊልሞች በ1970ዎቹ ተከታትለው ወጡ። ታሪኩ በሩቅ አገርና በሩቅ ዘመን የሚፈጸም ስለሆነ ለሳንሱር ሰዎች ሥጋት አልነበረም፤ ለተመልካቹም የላባ ባርኔጣና የሰይፍ ዓለም ከዕለታዊ ኑሮ የሚያሳርፍ ነበር። ሙስኬተሮቹ የገቡት በዚህ በር ነው።

ከወጣቶች ቴአትር ወደ ሊቪቭ ጎዳና

በ1974 ማርክ ሮዞቭስኪ የጻፈው «ሦስቱ ሙስኬተሮች» በሞስኮ የወጣት ተመልካቾች ቴአትር ቀረበ። ግጥሞቹን ዩሪ ርያሼንትሴቭ ጻፈ፤ ዜማዎቹን ማክሲም ዱናየቭስኪ ደረሰ። ማክሲም በ1930ዎቹ የሶቪየት ሙዚቃዊ ፊልሞችን ዜማ የደረሰው የኢሳክ ዱናየቭስኪ ልጅ ነው። በኦዴሳ ፊልም ስቱዲዮ የፊልም ዳይሬክተር የነበረው ጌዮርጊ ዩንግቫልድ ኺልኬቪች ይህን ሥራ ለቴሌቪዥን ሊሠራው ተነሳ።

ዳርታኛንን የሚጫወተውን መምረጥ ቀላል አልነበረም። ዳይሬክተሩ በመጀመሪያ አሌክሳንድር አብዱሎቭን አስቦ ነበር። የሌኒንግራዱ ተዋናይ ሚካኢል ቦያርስኪ የተጠራው የካርዲናሉን ሰው ሮሽፎርን እንዲጫወት ነው፤ ሲታይ ግን መዝፈኑም፣ ፈረስ መጋለቡም፣ ቁመናውም ለጋስኮኙ ወጣት የተሰፋ ሆኖ ተገኘ። ቬንያሚን ስሜኾቭ አቶስን፣ ቫለንቲን ስሚርኒትስኪ ፖርቶስን፣ ኢጎር ስታሪጊን አራሚስን ሆኑ። ማርጋሪታ ተሬኾቫ ሚሌዲን፣ አሊሳ ፍሬይንድሊኽ ንግሥቲቱን፣ ኦሌግ ታባኮቭ ንጉሥ ሉዊን፣ ኢሪና አልፎሮቫ ኮንስታንስን ተጫወቱ።

ቀረጻው በ1978 ተካሄደ። ፓሪስ ሄዶ መቅረጽ የማይታሰብ ስለነበረ የፓሪስን ቦታ የተካችው የምዕራብ ዩክሬን ከተማ ሊቪቭ ናት፤ አሮጌ የድንጋይ ቤቶቿና ጠባብ ጎዳናዎቿ የ17ኛውን መቶ ዘመን መልክ ይሰጣሉ። በአካባቢዋ ያሉት የስቪርዥና የኦሌስኮ ግንቦች የመኳንንት ቤትና የገጠር ገዳም ሆነው አገለገሉ፤ በድኒስተር ወንዝ ዳር ያለው የኾቲን ምሽግ ለላ ሮሼል ጦርነት ዋለ። በዚህ የተነሳ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የተወለደ ትውልድ ፈረንሳይን በልቡ የሣለው በዩክሬን ድንጋይና ሣር ነው።

ድምፁም እንደ ቦታው የተገጣጠመ ነበር። በሶቪየት የቴሌቪዥን ፊልም የአንዱን ተዋናይ ድምፅ በሌላው መተካት የተለመደ ነው። ሪሼልዮን የተጫወተው አሌክሳንድር ትሮፊሞቭ የሚሰማው በሚካኢል ኮዛኮቭ ድምፅ ነው፤ ኮንስታንስ በአናስታሲያ ቬርቲንስካያ፣ አራሚስም በኢጎር ያሱሎቪች ድምፅ ይናገራሉ። ቦያርስኪ ግን የተናገረውም የዘፈነውም በራሱ ድምፅ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ዝናው ከሌሎቹ የበለጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኺልኬቪች ከመጽሐፉ የወሰደው ፍጥነቱንና ወዳጅነቱን ነው። የሰይፍ ግጥሚያው አክሮባት የበዛበትና የሚያስቅ ነው፤ ንጉሡ የዋህ፣ የዘቦቹ አዛዥ ደ ትሬቪል ደግሞ ግልፍተኛ ግን ደግ ሽማግሌ ናቸው። የኮንስታንስ ሞትና የሚሌዲ ቅጣት ግን አልተዘለሉም፤ የአቶስ ያለፈ ሐዘንም በዝግታ በሚዘፈን ዜማ ይነገራል። ሙስኬተሮቹ በፈረስ እየጋለቡ የሚዘፍኑት ዋናው መዝሙር ከፊልሙ ወጥቶ የድግስና የጉዞ ዘፈን ሆነ።

ፊልሙ ግን እንደ ተጠናቀቀ አልታየም። የመድረኩን ሥራ የጻፉት ሰዎች ጽሑፋቸው ያለ ፈቃዳቸው ተለውጧል ብለው ተከራከሩ፤ በዚህም የመጀመሪያው ሥርጭት ዘገየ። ሦስቱ ክፍሎች ለሕዝብ መታየት የጀመሩት በዲሴምበር 25 ቀን 1979 ነው። ያ ቀን የሶቪየት ጦር ወደ አፍጋኒስታን መግባት የጀመረበትም ቀን ነበር። አንዳንድ ተቺዎች ዱማን አቀለለው ብለው ፊልሙን ነቀፉ። ተመልካቹ ግን ወደደው፤ ልጆች እንጨት ሰይፍ አድርገው መንደር ውስጥ ተጋጠሙ፤ ቦያርስኪም ሰፊ ባርኔጣውን ከዚያ ወዲህ የግል ምልክቱ አደረገው። 

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ከፈረሰች በኋላ ኺልኬቪች በ1992 እና በ1993 ያንኑ ቡድን ሰብስቦ ሁለት ተከታይ ፊልሞችን ሠራ፤ ሦስተኛው በ2009 ወጣ። አንዳቸውም የመጀመሪያውን ያህል አልተወደዱም።

የኮሜዲያኑ ዳርታኛን

በ1990ዎቹ የሩሲያና የዩክሬን ቴሌቪዥኖች ወደ ማስታወቂያ ገቢ ሲዞሩ የአዲስ ዓመት ሌሊት የዓመቱ ውድ ሰዓት ሆነ። በ1995 ዋዜማ የሞስኮው ዋና ጣቢያ ታዋቂ ዘፋኞች የሶቪየት ዘመን ዘፈኖችን በትወና መልክ የሚጫወቱበት ፊልም አቀረበና ትልቅ ተቀባይነት አገኘ። የኪዬቭ አዘጋጆች ከዚህ አንድ እርምጃ ሄዱ፤ የታወቀ ድርሰት ይመርጣሉ፣ አዳዲስ ዘፈን ያስደርሳሉ፣ ሚናዎቹንም ለሁለቱ አገሮች ዝነኛ ዘፋኞችና ቀልደኞች ያከፋፍላሉ። በሴሚዮን ጎሮቭ አዘጋጅነት፣ በኮንስታንቲን ሜላድዜ ዜማ በ2001 መጨረሻ የቀረበው የጎጎል «ምሽቶች በዲካንካ አቅራቢያ» መንገዱን ከፈተ። ከዚያም «ሲንደሬላ»፣ «የበረዶዋ ንግሥት» እና የቦማርሼ «የፊጋሮ ጋብቻ» ተከተሉ። ተዋናዩን ሳይሆን ዝነኛውን ለማየት የሚቀመጥ ተመልካች ስለነበረ ጽሑፉ እየቀለለ ሄደ፤ ከመጽሐፉ የቀረው የባለታሪኮቹ ስምና ዋናው ሽረባ ነው።

ዱማ ራሱ በዚያው ጊዜ በአገሩ አዲስ ክብር አግኝቶ ነበር። በኖቬምበር 30 ቀን 2002 አጽሙ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዮን ሲዛወር፣ ሬሳ ሣጥኑን አጅበው የሄዱት የሙስኬተር ልብስ የለበሱ አራት ሰዎች ናቸው። ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ በዚያ ሥነ ሥርዓት ላይ በደራሲው ላይ ስለደረሰው የዘር ንቀት ተናገሩ።

በ2004 የሙስኬተሮቹ ተራ ደረሰ። ቲና ባርካላያ ያዘጋጀችው የሩሲያና የዩክሬን የጋራ ሥራ «ሦስቱ ሙስኬተሮች» ከመጀመሪያውም ለበዓል ተብሎ የተሠራ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ነው። የ1979ኙ ፊልም ሳቁንና ሐዘኑን አመጣጥኖ ነበር፤ ይህኛው ሳቁን መረጠ። ዳርታኛንን የተጫወተው በጃንዋሪ 1978 ክሪቪ ሪህ በምትባል የማዕድን ከተማ የተወለደው የ26 ዓመቱ ኮሜዲያን ቮሎዲሚር ዘለንስኪ ነው። ሕግ የተማረው ይህ ወጣት ስሙን ያገኘው የተማሪዎች የቀልድ ውድድር በሆነው ኬቬኤን በተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት «ክቫርታል 95» የተሰኘውን ቡድን ሲመራ ነው፤ በ2003 ቡድኑ ወደ ስቱዲዮ አድጎ ነበር። ከጠቅላይ ግዛት ተነስቶ በምላሱ ስልት ወደ ዋና ከተማ የገባ ወጣት ስለነበረ ሚናው ከሕይወቱ ብዙም አይርቅም። ፊልሙ እንደ ቦያርስኪው ዘመን ተሻጋሪ አልሆነም፤ ለተዋናዩ ግን ከቀልድ ቡድን መሪነት ወደ ፊልም መሪ ተዋናይነት ከተሻገረባቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ነው።

ከበዓል ኮሜዲ በኋላ

የሁለቱ አገሮች የጋራ የበዓል ሥራ በ2014 ሩሲያ ክሪሚያን ስትይዝና በምሥራቅ ዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ፈረሰ። በ2015 ዩክሬን የክሪሚያን መያዝ የደገፉ ሩሲያውያን አርቲስቶችን ከአገሯ ስታግድ ቦያርስኪም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ዘለንስኪ በዚያው ዓመት «የሕዝብ አገልጋይ» በተሰኘ ተከታታይ ኮሜዲ ሳያስበው ፕሬዚዳንት የሚሆን የታሪክ መምህር ሆኖ ተጫወተ። በዲሴምበር 31 ቀን 2018 ሌሊት፣ የአዲስ ዓመት ዝግጅት በሚታይበት ሰዓት፣ በቴሌቪዥን ቀርቦ ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደር አስታወቀ። በኤፕሪል 21 ቀን 2019 ከተሰጠው ድምፅ 73 በመቶውን አግኝቶ ተመረጠ፤ ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ጀምሮም የሩሲያን ወረራ የሚመክት አገር መሪ ነው።

በዚህም ለአንድ የበዓል ገበታ ተመልካች የተሠሩት ሁለቱ ፊልሞች ዕጣቸው ተለያየ። የ2004ቱን የወለደው የሩሲያና የዩክሬን የጋራ የበዓል ገበያ ዛሬ የለም። የ1979ኙ በኦዴሳ ስቱዲዮ ተሠርቶ በሊቪቭ የተቀረጸ፣ በሞስኮና በሌኒንግራድ ተዋንያን የተጫወተ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለውን ፊልም ሁለቱ አገሮች ዳግም በአንድነት የሚሠሩበት ሁኔታ አብሮ ቀርቷል።